የማያስቀኝ ምላጭ

አልጋዬ ስር የብስኩት ቆርቆሮ ነበረ። ክዳኑ ላይ አንዲት ፈረንጅ ውሻ ታቅፋ ትስቃለች። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ልጆች ብስኩት መስሏቸው ይከፍቱታል። ውስጡ ግን ምላጭና ካራ ነው። የጺም እንዳይመስላችሁ፤ የእግር ነው። ተረከዝ መላጫ፣ ጥፍር መከርከሚያ፣ ሙጀሌ ማውጫ፣ እሾህ መፈልቀቂያ። ሁሉም የድሮ ናቸው፣ ሁሉም ስንት የሰው እግር አይተዋል። ቆርቆሮው አሁን ቦታ ቀይሯል፤ እደርስበታለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ይሄንንም ለስልክ ነው የማወራው። ስልኩ ይጻፈው። ከተሳሳተም የሱ ጥፋት ነው።

ልጄ፣ አብራኝ የምትኖረዋ፣ አስተማሪ ናት። "እማዬ፣ የሰው እናት ጌጥ ትሰበስባለች፣ አንቺ የሰው ተረከዝ የላጠ ብረት ትሰበስቢያለሽ" ትለኛለች። ብረቱን አላየችውማ! አንዱ ታጣፊ ነው፤ እጀታው አጥንት፣ ስለቱ ላይ የፈረንጅ ፊደል አለበት። ሚኤሶ ባቡር ላይ ይሠራ ከነበረ ሰውዬ ቤት ነው ያገኘሁት፤ ምራቱ ሽንኩርት ስትልጥበት ደርሼ አስጣልኳት። አንዱ እጀታው የጥይት ቀለህ ነው። ጥይቱን ማን በማን ላይ እንደተኮሰው እንጃ፣ ቀለሁ ግን ጡር ፈርቶ ሙጀሌ ሲያወጣ ኖረ። ሌላው ከተሰበረ ማጭድ ጫፍ የተሠራ ነው፤ እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ያለ። እሱ የትንሿን ጣት ጥፍር ሲይዛት፣ እንዲህ ነው ብዬ አልነግራችሁም፣ አታምኑኝም።

ምላጭ ስገዛ የራሴ መፈተኛ አለኝ። ሌላው ሰው በአውራ ጣቱ ይነካካል፣ ወይ የክንዱን ጸጉር ይላጭበታል። እኔ ጫማዬን አወልቅና ስለቱን ጋደም አድርጌ፣ ሳልጫነው፣ ውስጥ እግሬ ላይ ሳብ አደርገዋለሁ። ጥሩ የተሳለ ከሆነ ይኮረኩራል፣ እስቃለሁ። ካላሳቀኝ የደነዘ ነው፣ "እንካ ብረትህን" ብዬ እመልሳለሁ። እናቴም እንደዚህ ነበር የምታደርገው። ገበያ መሀል መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አንድ እግሬን ይዤ ብቻዬን ስንከተከት ሰው ይሰበሰባል። በደሳ ገበያም መሰላ ገበያም ያሉት ሻጮች ያውቁኛል። ከሩቅ ሲያዩኝ "ሳቂዋ መጣች፣ ሳቂዋ መጣች!" ይባባላሉ።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም በደሳ የገዛሁት ምላጭ ግን አላሳቀኝም።

ሻጩ ማዳበሪያ አንጥፎ ቁራጭ ብረት የሚሸጥ ሽማግሌ ነው። የተሰበረ ቁልፍ፣ የፋኖስ ክዳን፣ ዝገት የበላው ማጠፊያ፣ ሁሉ አለው። ሲያየኝ አንድ ምላጭ ከኪሱ አወጣ። እጀታው ጥቁር ቀንድ፣ ከመያዝ ብዛት እንደ መስተዋት የጠራ።

"ሃዱ ዱሪ! የጥንት ምላጭ ነው። ለአንቺ ደብቄ ነው ያቆየሁት። የአያቴ ነው።"

"ባለፈው የሸጥክልኝም የአያትህ ነበረ፤ ከዚያ በፊቱም። አያትህ ስንት እግር ነበረው?"

"አያቴ ሚስቱ ብዙ ነበር" አለ ሳይደነግጥ። "እግር በቤቱ ሞልቷል።"

ገበያተኛው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን የእግር ሳቅ አልነበረም። ቁጭ አልኩ፣ የግራ እግሬን ጫማ አወለቅኩ፣ ሳብ አደረግኩት። ምንም። እንደገና ሳብ። ምንም። ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ ጫት የታቀፈች ሴትዮ አንገቷን አስግጋ እግሬን እግሬን ታያለች።

"ምነው አልሳቅሽም?" አለችኝ።

"ደንዟል" አልኳት።

ሽማግሌው ምላጩን ቀማኝ፣ ከሴትዮዋ እቅፍ አንድ የጫት እንጨት መዘዘና ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቀው። እንጨቱ ድምጽ እንኳ አላሰማም። "ይሄ ነው የደነዘ? ወይ አቦ! ብረቱ አልደነዘም፣ አንቺ ነሽ የኮራሽው!"

ገዛሁት። እጀታው አሳዘነኝና ገዛሁት። ሳልስቅ የገዛሁት ምላጭ እሱ ብቻ ነው።

ወደ ቤቴ ወደ ጭሮ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ግራ እግሬን ከወለሉ ጋር እፈትጋለሁ፣ አነሳዋለሁ፣ እጥለዋለሁ። ረዳቱ "እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?" አለኝ። "ሳቅ" አልኩት። ሳንቲም ያልኩ መስሎት ስልኩን አብርቶ ወንበሩ ስር ጎንበስ አለልኝ። የሰው ልጅ፣ ይባረክ።

እኔን ያስጨነቀኝ ምላጩ አይደለም። "ደንዟል" የሚለው ቃል ነው።

ባለቤቴ መንገድ ሥራ ነበር የሚሠራው። ድንጋይ ሲረግጥ ኖሮ እግሩ ራሱ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ ሠርጋችን ላይ እንኳ አልሳቀም፤ እናቴ "ምን በድለነው ነው?" ብላ ስትጨነቅ ዋለች። በኋላ ነው ምስጢሩን ያገኘሁት። አንድ ቅዳሜ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ ጭኔ ላይ አድርጌ ተረከዙን ስልጥለት፣ ምላጩ አምልጦኝ ውስጥ እግሩን ዳሰሰው። ያ ሰውዬ እንደ ሕጻን ተንፈራፈረ! እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ደህና ምላጭ ባየሁ ቁጥር መግዛት ሆነ ሥራዬ። እሱን ለማሳቅ ነው ሰብሳቢ የሆንኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ሁሉ የሱን ሳቅ ይሰማና "ዛሬ እግሩን ይዛዋለች" ይላል።

አንድ ቅዳሜ ሳብ አደረግኩለት። አልሳቀም። "ምላጭሽ ደንዟል" አለኝ። አስሳልኩት። "አሁንም ደንዟል።" ሌላ አመጣሁ። "ይሄም ደንዟል።" እኔም አምኜው ቀጥቃጭ ስሳደብ ከረምኩ። ከዚያ አንድ ቀን ጫማው ውስጥ ደም ተገኘ፤ ምን እንደወጋው አያውቅም። ስኳር ነው አሉ። መጀመሪያ ጣቱ ተቆረጠ፣ ቀጥሎ እግሩ፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበቱ። ቀጥሎ እሱ ራሱ ሄደ። እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ "ምላጩ ደንዟል" ተብሎ አያውቅም። ቢላዋ እንኳ አልቆርጥ ሲል ልጄ "ይሳል" ነው የምትለው።

እና በደሳ ገበያ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ቃሉ ከኔው አፍ ወጣ።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ቆርቆሮውን ከፍቼ ምላጮቹን አንድ በአንድ ግራ እግሬ ላይ ሞከርኳቸው። የባቡሩ ዝም። ባለ ቀለሁ ዝም። ባለ ማጭዱ፣ ያ ሰይጣን፣ እሱም ዝም። ወደ ቀኝ እግሬ ዞርኩ። ቀኙ ሳቀ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ሳቀ። ስለዚህ፣ አልኩ ለራሴ፣ ምላጮቹ ግራ እግሬ ላይ አድመዋል። ጤና ጣቢያ "ትንሽ ስኳር አለብዎት፣ ተመልሰው ይምጡ" ካሉኝ ቆይቷል። ትንሽ ነው ስላሉኝ ትንሽ ነገር አላስቸግራቸውም ብዬ ቀረሁ።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ምላጩ ከሆነ ቀጥቃጭ ያድነዋል። እግሬ ከሆነ ግን መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ጣት፣ እግር፣ ጉልበት። ምላጩ እንዲሆንልኝ ፈለግኩ። ደንዟል የሚለኝ አንድ ሰው ላገኝ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የበደሳውን ምላጭ ይዤ እዚሁ ጭሮ በሞተር የሚስለው ጎረምሳ ጋ ሄድኩ። አዟዙሮ አየው። "እማማ፣ ይሄ'ኮ የተሳለ ነው።"

"ድጋሚ ሳለው።"

ብልጭታ በብልጭታ አድርጎ ሳለው። እዚያው ጫማዬን አውልቄ ሞከርኩት። "ደንዟል" አልኩት። ልጁ ሞተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እናቱ የላከችበት መቅሰፍት መስዬው መሰለኝ፣ "ሌላ ቦታ ይሞክሩ" አለኝ።

በመሀሉ ፋሲካ ደረሰ። እዚህ ላይ ስለ ጎረቤቴ ልንገራችሁ። ግድግዳችን አንድ ነው። እሷ ሙስሊም፣ ኦሮሞ፤ እኔ የማርያም ጽዋ ጠጪ። ወልደን ያሳደግነው አንድ ግቢ ነው። እኔን "ያ ጃርቲ" ትለኛለች፣ አንቺ አሮጊት ማለቷ ነው፤ እሷ ራሷ በእድሜ ትበልጠኛለች፣ ግን መታወቂያዋን አታሳይም። ያለ ወላሂ ደህና አደርሽ አትልም፤ ወላሂ ካለች ደግሞ ነገሩ እውነት ነው፣ ቤቷ ቢቃጠል በውሸት አትምልም። እና ደንብ አለን። ለፋሲካ ዋዜማ እሷ የኔን እግር ትሠራለች፣ ለአረፋ ዋዜማ እኔ የሷን። ሰው የራሱን ተረከዝ አያየውም፣ ጀርባውም አይታዘዝም፤ ጓደኛ ያስፈልጋል። ታጥባለች፣ ትልጣለች፣ ቫዝሊን ትቀባለች፤ መጨረሻ ላይ ምላጩን ውስጥ እግሬ ላይ ሳብ ታደርገዋለች። ስስቅ "በዓልሽ ገባ!" ትላለች። ካልሳቅኩ በዓሉ አይገባም።

ዘንድሮም ዘፈዘፈችኝ፣ ላጠችኝ፣ ቀባችኝ። እኔ እጇን እጇን ነው የማየው። ወደ ውስጥ እግሬ ሳብ ስታደርግ አይቼ፣ ሂሂሂ ብዬ ተንከተከትኩ። ምንም ሳይሰማኝ! እንዴት ያለች ተዋናይ እንደሆንኩ ብታዩ። እሷ ምላጩን ይዛ ትንሽ ቆየች። "በዓልሽ ገባ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ከፋሲካ በኋላ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ልብስ አጥፌ እንደገና አጥፈዋለሁ። የገበያ ቀን በሆነ ቁጥር ምላጩን በጨርቅ ጠቅልዬ ጡቴ ስር እከትና እወጣለሁ። መሰላ ያለው ሽማግሌ በውሃ ድንጋይ ነው የሚስለው፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደሚጸልይ። ስሎ ሲጨርስ አንዲት የጸጉሬን ዘለላ ይዞ አየር ላይ ቆረጣት። "ደንዟል" አልኩት። ድንጋዩን ጠቅልሎ ምሳ ሊበላ ሄደ።

ልጄ መጠርጠር ጀመረች።

"ዛሬስ የት ነሽ?"

"ቦኬ። ሽንኩርት ልገዛ።"

"ሽንኩርት ከደጃችን ሞልቶ ቦኬ ድረስ?"

"የቦኬው አያስለቅስም።"

"እማዬ፣ ምን ይዞሽ ነው እንደዚህ የምትቅበዘበዢው? ቁጭ በይ፣ እረፊ።"

ማረፍ! ብትነግሪኝማ እንዴት እንደሚታረፍ።

ቦኬ ያለው ቀጥቃጭ ወጣት ነው፣ ክንዱ የኔን ወገብ ያክላል። ምላጩን ወደ ብርሃን አዙሮ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "አኮ" አለኝ፣ አያቴ ማለቱ ነው፣ "ይሄ ብረት አለቀ'ኮ። ማነው እንደዚህ የሳለው? ከዚህ በላይ ከተሳለ እጀታው ብቻ ነው የሚቀርሽ።"

"ደንዟል።"

"አልደነዘም።"

"ደንዟል እልሃለሁ!"

"ማነው ደነዘ ያለሽ?"

"እግሬ ነዋ።"

ወናፉን የሚነፋው ሰው ሳቀ። ቀጥቃጩ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ እግሬን አየው፣ ቀና ብሎ ፊቴን አየው። ምላጩን በጨርቁ መልሶ ጠቀለለና በሁለት እጁ ሰጠኝ። "ይሄን እኔ አልነካውም፣ አኮ። ቤትሽ ግቢ" አለኝ። ተናደድኩ። በዋናው መንገድ ብሄድ ሰው ያየኛል ብዬ በግራሩ አጥር ስር፣ በእርሻው ዳር አቋርጬ፣ በነጠላ ጫማዬ እየተጎተትኩ መኪና ጋ ደረስኩ። ሽንኩርት ረሳሁ። ማታ ልጄ ባዶ ዘንቢሌን አየችው።

አረፋ ተቃረበ። ዋዜማው የኔ ተራ ነው፣ የጎረቤቴን እግር ለሂና የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እኔ ግን ከሷ ተደበቅኩ። ስትጠራኝ ተኝታለች አስብላለሁ። ለምን ብትሉ፣ እሷ ሰው ጫማው ውስጥ ምን እንዳለ በር ላይ ሆና ታውቃለች። ከቦኬ በተመለስኩ በሦስተኛው ጠዋት፣ ልጄ ሥራ እንደሄደች ሳታንኳኳ ገባች። ሳፋዋን በብብቷ ይዛለች።

"ያ ጃርቲ! ምን አደረግኩሽ? ወላሂ ምን እንዳደረግኩሽ ካልነገርሽኝ ከዚህ አልወጣም።"

"ምንም አላደረግሽኝም። አሞኝ ነው።"

"የቱ ጋ?"

"ሁሉም ጋ።"

ወለሉን አየች። ሲሚንቶው ላይ ከአልጋዬ እስከ በሩ ጠብ ጠብ ያለ ነገር አለ። "ይሄ ምንድን ነው? ዶሮ አርደሽ ነው?"

"ወጥ ደፍቼ ነው።"

ጎንበስ አለች፣ በጣቷ ነካች፣ አሸተተች። "ወጥሽ ቅመም የለውም" አለች። ከዚያ ሳትለምነኝ፣ ሳትቆጣኝ፣ አልጋው ላይ ገፋ አድርጋ አስቀመጠችኝና ግራ እግሬን ጭኗ ላይ አወጣችው። ነጠላ ጫማውን ልትስብ ብትል አልወጣም አለ። እንደገና ሳበች። ጫማው ከእግሬ ጋር ተሰፍቷል! የግራር እሾህ፣ የጣቴን ያህል፣ ከታች ጫማውን በስቶ ውስጥ እግሬ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ከቦኬ ይዤው መጥቼ፣ በሱ ላይ ወጥቼ ወርጄ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ በሱ ላይ ተኝቼ ነበር።

ከቆርቆሮው ውስጥ ወረንጦ ፈልጋ አወጣች፣ በክብሪት ለበለበችው፣ እሾሁን ቀስ ብላ ሳበችው። ፊቴን ነው የምታየው እንጂ እሾሁን አይደለም። እኔ ጣሪያውን አያለሁ። እሾሁ ሲወጣ ያወቅኩት እሷ ስትተነፍስ ነው።

"አንቺ" አለችኝ፣ የት እንደዋልኩ ልጄ ነግራት ኖሯል፣ "ከቦኬ ድረስ ዛፍ ተሸክመሽ መጣሽ?"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"ምላጮቹ ደንዘው'ኮ ነው" አልኳት።

"ምላጮችሽ ደህና ናቸው። ለፋሲካ የሳቅሽውም ሳቅ የውሸት ነበር። ወላሂ አውቄ ነበር። በዓልሽን ላለማበላሸት ዝም አልኩሽ እንጂ።" ከዚያ የኔን ባል ስም ጠራች፣ ነፍሱን ይማር፣ እና አለቀሰች። እኔ ያኔ ነው የደነገጥኩት። ያቺ ሴትዮ የራሷን ባል ስትቀብር እንኳ የለቅሶውን ዳቦ ስትቆጣጠር ነው የዋለችው።

ባጃጅ ጠርታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የገባንበት ነርስ ከጎጃም የተመደበ ልጅ ነው፣ ለስላሳ አነጋገር አለው። ቁስሉን አጠበ፣ ደሜን መረመረ፣ ቅንድቡ ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ አንዲት ክር የመሰለች ቀጭን ላስቲክ አወጣ።

"እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን በዚህች ነካ ነካ አደርግዎታለሁ። ሲሰማዎት 'አዎ' ይበሉኝ።"

ጨፈንኩ። ማለት፣ አንዱን ጨፈንኩ። ክንዱ ሲንቀሳቀስ "አዎ!" እላለሁ። "አዎ! አዎ!"

"አሁን አልነካሁዎትም፣ እማማ።"

"ልትነካኝ ስታስብ ነው የተሰማኝ።"

"ትዋሻለች!" አለች ጎረቤቴ ከጥግ። "ያ ጃርቲ፣ አንድ ዓይኗ ክፍት ነው!" ተነስታ መጣችና የራሷን ሻሽ ፈትታ ዓይኔን ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። ሻሿ ሽቶ ሽቶ ይላል።

ቀኝ እግሬን ነካኝ፤ "አዎ" አልኩ። እንደገና፣ "አዎ።" አንዳንዱን አሳለፍኩት መሰለኝ፣ ግን ብዙውን አገኘሁት። ደስ አለኝ። ከዚያ ዝም ሆነ። ጠበቅኩ። ውጭ ሰው ይጠራል፣ ሕጻን ያለቅሳል። ጠበቅኩ። ጎረቤቴ አፍንጫዋን ሳበች።

"ኧረ ግራውን ጀምር እንጂ፣ ልጄ" አልኩት።

"ጨርሻለሁ፣ እማማ" አለኝ።

ሻሹን ሳይፈቱልኝ ትንሽ ቆየሁ። አልፈለግኩማ፣ ጨለማው ተመቸኝ።

ልጁ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፣ እንደ ሰው፣ ሳያስፈራራ። የጠፋው ስሜት መመለሱን አይምልልኝም፤ እግሩ ግን አልተሸነፈም። ቁስሉ ገና ስለሆነ፣ ካጸዱት፣ መድኃኒቱን ከዋጥኩ፣ ስኳሬን ከተከታተልኩ ይድናል። ሌላ ሁለት ሦስት ቀን ብቆይ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር። በባዶ እግር መሄድ የለም። ጫማ ከማድረጌ በፊት ውስጡን በእጄ መዳሰስ። በየጠዋቱ ውስጥ እግሬን ማየት፣ ካልታየኝ ሰው ማሳየት። "ምላጭ ደግሞ" አለ፣ "ምላጭ እግርዎ አጠገብ አይድረስ።"

"እኔ'ኮ ምላጭ ሰብሳቢ ነኝ" አልኩት።

"የምን ሰብሳቢ?"

ጎረቤቴ ነገረችው። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ልጄ ማታ ሰምታ ሁሉንም ለቁራሌው ልትሰጥ ቆርቆሮውን አነሳች። አልጮኽኩም። ክዳኑን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ ብቻ። አባቷን ያሳቅኩበት ምላጭ እዚያ ውስጥ ነው፤ እሷም ታውቃለች፣ ልጅ ሆና በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እንደዚህ ስንጓተት ጎረቤቴ መጣችና ከመሀላችን ወሰደችው። "እኔ አልጋ ስር ይሁን። እሷ ከፈለገች መጥታ ትየው፤ ስትከፍተው ግን እኔ አለሁ።" ልጄ እጇን ለቀቀች። ቆርቆሮው እንደዚያ ነው ግድግዳ የተሻገረው።

ለአረፋ ዋዜማ ቁስሌ በፋሻ እንደታሸገ፣ ሰፊ ጫማ አድርጌ ሄድኩላት። ተራዬ ነዋ! እግሯን ዘፈዘፍኩት፣ ላጥኩት፣ ለሂናው አለሰለስኩት። መጨረሻ ላይ ያን የበደሳውን አወጣሁ፣ ባለ ጥቁር ቀንዱን፣ ከተማ ለከተማ ስሰድበው የከረምኩትን። ጋደም አደረግኩት። ሳልጫነው ሳብ።

አላህ ያሳያችሁ! ያቺ ሴትዮ ከመቀመጫዋ ተነሳች! ሳፋውን በሌላው እግሯ መታችው፣ ውሃው እኔም እሷም ላይ ፈሰሰ፣ "ወላሂ! ወላሂ ተዪኝ!" እያለች ግድግዳውን ትደበድባለች። የልጅ ልጆቿ ሮጠው መጡ። እኔ እግሯን ይዤ አልለቅም፤ ሳብ፣ ሳብ። ስለቱ ምላጭ አይደለም፣ እሳት ነው። የበደሳው ሽማግሌ፣ የጭሮው ጎረምሳ፣ የመሰላው፣ የቦኬው፣ ሁላችሁም ይቅር በሉኝ። "በዓልሽ ገባ!" አልኳት፣ ከላይ እስከ ታች ርሼ።

አሁን ገበያ ስሄድ ይዣት እሄዳለሁ። እኔ እመርጣለሁ፣ እከራከራለሁ፤ እሷ ጫማዋን ታወልቃለች። ከሳቀች እንገዛለን። ሻጮቹ "ሳቂዋ የትኛችሁ ናት?" ይላሉ፤ ግራ ተጋብተዋል።

ያ መቅበዝበዜ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማስበው እግሬን ነው፤ አለ ወይስ ሌላ ነገር ገብቶበታል? ፊቴን ሳልታጠብ ግድግዳውን ዞሬ እሄዳለሁ። እሷ የልጇን መነጽር አድርጋ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ግራ እግሬን ጭኗ ላይ እዘረጋለሁ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ትከፍታለች፣ ተረከዜን ወደ ብርሃን ታዞራለች፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

"ምን አለ?" እላታለሁ።

"ወላሂ ምንም የለም" ትለኛለች። ያኔ ነው ቁርሴ የሚወርድልኝ።

ዛሬም ሄድኩ። አየችኝ፣ "ወላሂ ምንም የለም" አለችኝ። እግሬን ግን አልለቀቀችውም። ጣሪያው ላይ ሸረሪት አለ፣ እሱን እያየሁ ጠበቅኩ።

"አንቺ፣ እየኮረኮርሽኝ ነው እንዴ?" አልኳት።

"አልነካሁሽም" አለችኝ።

ወላሂ ግን አላለችም።